የመናገሻዎቹ ጉብኝት ከአንኮበር ይጀምር

ለሰሜን ሸዋ የባህልና የቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች፣
ለደብረ ብርሃን፣ ለአንጎለላና ለአንኮበር ነዋሪዎች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በቀድሞዎቹ የሸዋ መናገሻዎች የአንድ ቀን የጉብኝት መስመር እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንዲነበብ አድርጌ የጻፍሁት ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ደብረ ብርሃንን፣ አንጎለላንና አንኮበርን የሚያገናኝ፣ ባልና ሚስት ወይም ቤተሰብ ማለዳ ተነሥቶ ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የጉብኝት መስመር ይዘጋጅልን። ጥያቄዬ አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚመጣ አማካሪ የሚሻ አይደለም። ለምን እንደምጠይቅና በምን መንገድ ሊሆን እንደሚችል ግን ማስረዳት ስለሚገባኝ ትንሽ በዝርዝር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ነገሩን ያስነሣብኝ እኔና ባለቤቴ ባለፈው በዓለ ሃምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ያሳለፍነው አንድ ቀን ነው። እንደ አብዛኛው የደብረ ብርሃን ሰው ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ለሕክምና፣ ለጉዳይ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ስለሆነ ከተማዋን የምናውቃት በመናኸሪያዋ፣ ወረፋ በምንጠብቅባቸው ኮሪደሮችና በዘመድ ሳሎን በኩል ነው። በዚያን ዕለት ግን ጉዳይ ሳይኖረን፣ የበግ ሙዳም ሆነ የድፎ ዳቦ ሳንሸከም፣ ዘመድ ሳናስቸግር፣ ለማየትና ለመብላት ብቻ ሄድን። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያሉት የፍስክ ሳምንታት ስለነበሩ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ በምሳችን ላይ ያመጣው ችግር አልነበረም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፈን፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ላምበረት ስንወርድ ከተማው ገና ቁርሱን እየበላ ነበር። እኛም ፉል በትኩስ ዳቦ በልተን በታክሲ ወደ አራት ኪሎ አቀናን።

ከብሔራዊ ሙዚየም ጀመርን። ስለ ድንቅነሽ ብዙ አልጽፍም፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም በአፋር ሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን የሰው ዘር ቀዳሚ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ስሟን ያላወቀ የለም። ከእርሷ ፎቅ ወጣ ስንል የነገሥታቱ አልባሳትና ዘውዶች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በእንጨት ቅርጽ የተሠራ ግዙፍ ዙፋን አለ። ከዚያ በላይ ባለው የሥዕል ክፍል ባለቤቴ ግድግዳ ከሚሞላ አንድ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል ፊት ቆሞ አልነቃነቅም አለ። ሥዕልን አውቃለሁ የሚል ሰው አይደለም። «ይህ ሰው እኮ አንኮበር የተወለደ ነው» ሲል ድምፁን ትንሽ ከፍ ስላደረገው፣ አጠገባችን ቆመው በስልክ ፎቶ የሚያነሡ ሁለት ወጣቶች ዞር አሉ። አንደኛዋ በትሕትና «ጋሼ፣ አንኮበር የት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ልጅቷን መውቀስ አይገባም። የጠየቀችው ስለማታውቅ ሳይሆን አንኮበር ስሟ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንጂ ሰው ሄዶ በሚውልበት ቦታነት ስለማይነሣ ነው። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ እንደሆነች፣ ከተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ማየት እንደሚቻል ነገራት። «ታዲያ ሄደን ምን እናያለን?» ስትለው ግን ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም የምጨምርለት አልነበረኝም። ይህ ደብዳቤ ለዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ እንዲኖረን የሚለምን ነው ማለት ይቻላል።

ከሙዚየሙ ወጥተን በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ ስናዘግም የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ትንሽ ቆየን። የዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለትምህርት ሰጡት፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። የንጉሡን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንደነበረ ማየት የራሱ ደስታ አለው፤ ባለቤቴ በገንዳው ማነስ ተገርሟል። እኔን የያዘኝ ግን የታችኛው አደረጃጀት ነው። በየብሔረሰቡ ቆጥሮ በመደርደር ፈንታ ሰው ከተወለደበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን ያለውን ሕይወት ተከትሎ ይሄዳል፤ የልጅነት ጨዋታውና ተረቱ፣ ጋብቻው፣ ሥራው፣ ለቅሶው በተራ ይመጣሉ። አንድም ነገር ሳያነብ የሚዞር ሰው እንኳን የራሱን ሕይወት ተከትሎ ስለሚራመድ አይጠፋውም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት አንቀልባውን ባዩ ጊዜ ለልጅ ልጃቸው እንዴት እንደሚታሰር በነጠላቸው ማሳየት ጀመሩ፤ የሙዚየሙ ሠራተኛም ሳይከለክል ፈገግ ብሎ ተመለከታቸው።

በግቢው ውስጥ ወደየትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች አገዛዛቸውን ለማሞገስ ያሠሩትን ይህን ደረጃ ነፃነት ሲመለስ ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከላዩ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና እንዲቆይ ተደረገ። አንድ ትንሽ ሐውልት፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ፣ የአንድን ሙሉ ግንባታ መልእክት ገለበጠው። ከዚህ በታች ስለ ሰሌዳና ስለ ምልክት ስጽፍ ይህ ደረጃ በልቤ እንደነበረ ይታወቅልኝ።

ምሳችንን የበላነው ክትፎ ቤት ነው። አስተናጋጇ «ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?» ስትል ባለቤቴ እንደ ወጉ ለብ ለብ አለ፤ እኔ ደግሞ የደጋ ሰው ነኝና የበሰለውን መረጥሁ። በጣባ ቀረበልን፤ ከጎኑ አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው ነበሩ። የቅቤው ሽታ እንግዳ ሲሆንብኝ ልጅቷ ቅቤው ሲነጠር ኮሰረት እንደገባበት፣ ቅጠሉም ከእናቷ አገር ከጉራጌ እንደሚመጣላቸው፣ ቆጮውም ከእንሰት እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚብላላ ቆማ ነገረችን። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኛ ግን የበላነውን ምግብ አገሩን ሳናይ አገሩን ያየን መሰለን። ይህን ያነሣሁት በሰሜን ሸዋ ማዕድ ላይ ቆሞ እንዲህ የሚነግር ሰው ስለምመኝ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ሄድን። የምኒልክን ሐውልት፣ ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራውንና ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበትን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀውን የአድዋ ድል መታሰቢያም በየተራ አየን። በካቴድራሉ ውስጥ ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ የሞዛይክና የመስታወት ሥራዎች የማለዳውን ወሬያችንን ቀሰቀሱት። ማኪያቶ ጠጥተን ካረፍን በኋላ ወደ ባእታ ለማርያም ወርደን የዳግማዊ ምኒልክን፣ የእቴጌ ጣይቱንና የንግሥት ዘውዲቱን መካነ መቃብር ተሳለምን። ቀኑ በዚሁ አለቀ፤ ሲመሽ ደብረ ብርሃን ብርዷን ይዛ ጠበቀችን።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት፣ በዚያ ቀን ያየነውን በአንድ ሰው ዕድሜ መስመር ላይ ብናስቀምጠው መነሻው የት ነው? ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱት አንጎለላ ነው፤ ይኸውም በየቀኑ ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ ከምናልፋት ከጫጫ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የሸዋን መንበር የያዙት በአንኮበር ነው። ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በመጋቢት 1870 ዓ.ም የተስማሙት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በልቼ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንጦጦ የመጣችው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት የተባሉት። አዲስ አበባ የሚጎበኘው ሰው የታሪኩን የመጨረሻ ምዕራፎች ያነብባል፤ የመጀመሪያዎቹ እኛ ዘንድ ናቸው፤ እኛም ሳንገልጣቸው ተቀምጠናል።

ከምኒልክ በፊት ያለውን ብናስብ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ደብረ ብርሃን ራሷ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው የመሠረቷትና ለዓመታት የተቀመጡባት መናገሻ ናት። አንኮበር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፊትም የሸዋ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች፤ በእርሳቸው ዘመን ግን የውጭ መልእክተኞች የሚመጡባት ቤተ መንግሥት ሆነች። እንግሊዞች በካፒቴን ሐሪስ የተመራውን ልዑካቸውን ልከው በ1834 ዓ.ም የወዳጅነት ውል የተፈራረሙት ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ነው። ከልዑካኑ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የአንኮበርን ተራራ፣ ቤቶቿንና ሰዎቿን በቦታው ቆሞ ሥሏቸዋል። ከተራራው ሥር አልዩ አምባ ከቆላው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረች፤ ጨውና ቡናው፣ ጨርቁና ጠመንጃው በዚያ ያልፍ ነበር፤ ዛሬም የአርጎባ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት።

ዛሬ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ጥቂት የድንጋይና የኖራ ግንብ ቅሪት፣ እዚያው የተሠራ ማረፊያና እጅግ ያማረ እይታ ነው። ይህ በራሱ ብዙ ነው። ከሩቅ አገር የመጡ የወፍ ተመልካቾች በአንኮበር ስም የምትጠራውን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ በገደሉ ላይ ሲንከራተቱ ይውላሉ፤ እነርሱ የሚፈልጉትን አውቀው ስለሚመጡ ሰሌዳም አስረጂም አይቸግራቸው። የደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ሮቢት ወይም የአዲስ አበባ ባልና ሚስት ግን ታሪኩን በወሬ እንጂ በዓይናቸው ስለማያውቁት፣ የት ቆመው ወደየት መመልከት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ወይም ጽሑፍ ከሌለ ኮረብታውን ወጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በግማሽ ሰዓት ይወርዳሉ። እኔ ራሴ እንግዳ ይዤ በሄድሁባቸው ጊዜያት እንዲሁ ሆኖብኛል፤ ማንንም ተጠያቂ ለማድረግ አይደለም የማነሣው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ሰሌዳ ነው። በኮረብታው ላይ አዳራሹ፣ በሩ፣ ዕቃ ቤቱ የት እንደነበረ በባለሙያ ተጣርቶ የሚታወቀውን ያህል፣ አጥር ሳይታጠርና ሲሚንቶ ሳይፈስ በትንንሽ ሰሌዳ ይገለጽ። በተለይ በርናትዝ የሣላቸው ሥዕሎች ከቆመባቸው አቅጣጫዎች በተቻለ መጠን ቦታው ተለይቶ፣ ሥዕሉ በዚያው ታትሞ ይቁም፤ ጎብኚው ሥዕሉን አይቶ ቀና ሲል ያንኑ ተራራ ያያል። ይህን የሚያህል ነገር ከተማ ውስጥ ባሉ ሙዚየሞች እንኳን አይገኝም፤ ምክንያቱም እዚያ ሥዕሉ አለ እንጂ ተራራው የለም። ጽሑፉ በቅድሚያ በአማርኛ ይሁን፤ የውጭው ቋንቋ ይከተል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሙዚየም የእንግሊዝኛው ማብራሪያ አንድ ገጽ ሲሞላ የአማርኛው አንድ መስመር ሆኖ አግኝቼ አዝኛለሁ፤ ይህን ከእነርሱ አንቅዳ።

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም አንኮበር ተወልደው፣ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስታወት ሥራ ለዓለም ያበረከቱ፣ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም ያረፉ ሠዓሊ ናቸው። በትውልድ ቦታቸው የሥራዎቻቸው ቅጂ፣ የሚመለከተው አካል በሚፈቅደው መጠን፣ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ቢሰቀል ለጎብኚው ሌላ ማረፊያ ይሆናል። ከጎብኚውም ይልቅ ለአንኮበር ልጆች ይጠቅማል። እኔ መምህርት ስለሆንሁ ለዚህ ያደላሁ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ያን ቀለም በየቀኑ እያየ ቢያድግ ምን ሊመጣ እንደሚችል ማን ያውቃል?

የአንጎለላ ነገር ቀላል ነው። አስፋልቱ ዳር፣ መኪና ሊቆም በሚችልበት ቦታ፣ ከርቀት የሚነበብ ምልክትና አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይበቃል። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚያልፈው አውቶቡስ፣ ሚኒባስና የጭነት መኪና ስንት ሰው እንደሚይዝ ቁሙና እዩት።

ሁለተኛው ልመናዬ መጓጓዣና አስረጂ ነው፤ በእኔ ግምት የጉዳዩ ራስ ይህ ነው። አዲስ አበባ ያስደሰተን ቀኑን አስቀድመን መገመት ስለቻልን ነው። ሙዚየሙ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ታክሲ የት እንደምንይዝ፣ መጸዳጃ የት እንዳለ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ እናውቅ ነበር። ወደ አንኮበር ስንሄድ ግን የመሄጃው መኪና ይገኛል፤ የመመለሻው «ሲሞላ» ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የወጣ ሰው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ዓይኑ ከተራራው ላይ ይነሣና መኪናው ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ብትነግሩት አይሰማችሁም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ቢሆን መልካም ነው፣ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጠዋት ተነሥቶ፣ ሞላም አልሞላም በተወሰነ ሰዓት ከአንኮበር የሚመለስ አንድ መኪና ከማኅበራት ጋር በስምምነት ቢመደብ የቀረው ብዙ ነገር ራሱ ይስተካከላል። አስረጂዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ፤ ክፍያቸው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታወቅ፤ እንግዳው እንዳይሳቀቅ፣ ልጁም እንዳይለምን። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች በትምህርታቸው መጨረሻ የሚጽፉት ጥናት በመደርደሪያ ከሚቀር ለእነዚህ አስረጂዎች በቀላል አማርኛ ቢዘጋጅ ምን ይከፋል?

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ በጥንቃቄ እናገራለሁ። በአንኮበር ባሉት ጥንታውያን አድባራት ዕቃ ቤት ነገሥታቱ የሰጧቸው ንዋያተ ቅድሳት እንዳሉ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ጉብኝቱ ከቅዳሴና ከንግሥ ሰዓት እንዳይጋጭ፣ የሚታየውና የማይታየው በካህናቱ ውሳኔ እንዲለይ፣ የሚገኘውም ገቢ በደረሰኝ ለደብሩ እንዲገባ ከሰበካ ጉባኤዎቹ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። እነርሱ ሳይስማሙ የሚወጣ መርሐ ግብር ባይወጣ ይሻላል።

ሦስተኛው ማዕድ ነው። እንግዳ አንኮበር ድረስ መጥቶ ፓስታ በልቶ ሲመለስ ማየት ያሳፍራል። የምንጃር ማኛ ጤፍ አለን፤ የመንዝ በግ አለን፤ ደጋው ገብሱን በገንፎ፣ በበሶ፣ በቆሎና በጠላ ያወጣዋል። በፍስክ ቀን 12 ብልት ወጥቶለት፣ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ ከማለዳ ጀምሮ ሲቁላላ የዋለ የሸዋ ዶሮ ወጥ፣ በጾም ቀን ስልጆውና እልበቱ ከሽሮውና ከጎመኑ ጋር ቢቀርብ እንግዳው የሚጨምረው ጥያቄ አይኖርም። ስልጆን እንውሰድ። የባቄላው ዱቄት ከሱፍ ጋር በስሎ፣ ሰናፍጩ ገብቶበት፣ ለቀናት ተብላልቶ ነው ለገበታ የሚደርሰው፤ አፍንጫን የሚወጋው ጣዕሙ ከየት እንደመጣ አንዲት እናት ቆማ ብትነግር፣ የክትፎ ቤቷ ልጅ ለእኛ ያደረገችውን ለሌላው አደረገች ማለት ነው። ይህን ሥራ በማኅበር ለተደራጁ የአንኮበር ሴቶች መስጠት ይቻላል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ስንት ሰው እንደሚመጣ በሐሙስ ካወቁ ምግቡም አይተርፍ፣ እንግዳውም አይራብ። ከምሳ በኋላ ቡናው ሲፈላ የመንዝ ባናና በርኖስ የሚሸጡ ባለሙያዎች አጠገብ ቢቀመጡ ገዢ አያጡም፤ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ ጋቢ ያልያዘ ሰው ሁሉ ገዢ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው የሰላም ጉዳይ ነው፤ ሰው በሥጋት ውስጥ ሆኖ ጉብኝት ማሰብ ቅንጦት ይመስላል። እኔም ዛሬውኑ መኪና ይነሣ አላልሁም። ነገር ግን ሰሌዳ መጻፍ፣ ታሪክ ማጣራት፣ አስረጂ ማሠልጠን፣ ከደብሮቹ ጋር መነጋገር ሁሉ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ቀን ከሌት የሚያስኬድ ሲሆን ከዜሮ እንዳንጀምር አሁን ይሠራ። ሁለተኛው «ለአገር ውስጥ ጎብኚ ማን ይደክማል፣ ዶላሩን የሚያመጣው ፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። በዚያ ረቡዕ በሙዚየሞቹ ያየናቸው አብዛኞቹ ጎብኚዎች እንደ እኛው በሚኒባስ የመጡ ኢትዮጵያውያን፣ ተማሪዎች፣ ሙሽሮችና ጡረተኞች ነበሩ። እኛ ሁለታችን ከማለዳ እስከ ማታ ያወጣነው ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ ግማሹ እንኳን ለአንኮበር ሴቶችና ለደብረ ብርሃን ሾፌሮች ቢገባ ደስ ባለኝ ነበር።

በመጨረሻም ለአዲስ አበባ ሙዚየሞች አስተዳዳሪዎች አንዲት ትንሽ ነገር አደራ እላለሁ፤ ደብዳቤዬ ለእነርሱ ባይጻፍም እንደሚያነቡት ተስፋ አለኝ። ስለ ዳግማዊ ምኒልክና ስለ አፈወርቅ ተክሌ በምትጽፉት ማብራሪያ ግርጌ የተወለዱበትን ቦታ፣ ከአዲስ አበባ ያለውን ርቀትና መኪና የሚያዝበትን መናኸሪያ ብትጨምሩ አንድ መስመር ነው። የእኛም ሰሌዳ በበኩሉ ወደ እናንተ ይመራል።

ይህን ጥያቄ የሚቀበል ኃላፊ ካለ ሥራውን ከሰሌዳዎቹ ጽሑፍ እንዲጀምር እለምናለሁ። እኔና ከትምህርት ቤቴ ያሉ የአማርኛና የታሪክ መምህራን ረቂቁን ያለ ክፍያ አዘጋጅተን፣ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለታሪክ ባለሙያዎች እንዲያርሙት ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን። ውሳኔያችሁንም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ብትለጥፉልን ሁላችንም እናነብበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደብረ ብርሃን መምህርት